ልጆቹ ቀመሩን ያውቁታል፣ መለካት ግን አይችሉም። ምን ሞክራችሁ ሰራላችሁ?

መምህርት_4ኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። ጂኦሜትሪና ልኬት ላይ ደርሰናል፣ ችግሩም እዚያ ላይ መጣ። «የሬክታንግል ስፋት?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ርዝመት ሲባዛ በወርድ!» ይላል። ዴስካችሁን ለኩ ስላቸው ግን ግማሹ ማስመሪያውን ከ1 ላይ ይጀምራል፣ ሌላው ከዜሮ በፊት ካለችው ባዶ ጫፍ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ማስመሪያው ሲያልቅበት የት እንደደረሰ ምልክት ሳያደርግ በግምት ይቀጥላል። ዙሪያና ስፋትማ ፈጽሞ ተምታቶባቸዋል። ሁለት ቁጥር ሲያዩ ያባዛሉ፣ አራት ቁጥር ሲያዩ ይደምራሉ። ለምን ስትላቸው መልስ የለም።

ያለኝ ዕቃ አንድ የእንጨት ሜትር፣ ጠመኔ፣ ልጆቹ የያዟቸው ማስመሪያዎች (ብዙዎቹ የተሰበሩ) ነው። ግቢያችን ሰፊ ነው። ወጪ የሌለው፣ በእጅ የሚሰራ፣ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ። «በተግባር አስተምሪ» የሚለውን ስልጠና ላይ ሁሉ እሰማዋለሁ። እኔ የምፈልገው እንዴት የሚለውን ነው።

የድሮ_መምህር፦
መምህርት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልቤ ግን አሁንም ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የምመክርሽ ማስመሪያውን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጪው። በስንዝር ጀምሪ።

እንዲህ አድርጊ። ሁሉም ልጅ የዴስኩን ርዝመት በራሱ ስንዝር ይለካ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፊው፣ ልክ ነው ስህተት ነው ግን አትበይ። አንዱ 7 ይላል፣ አንዷ 8 ተኩል፣ ሌላው 9። ዴስኩ አንድ አይነት ነው። እዚህ ላይ ዝም በይና እንዲከራከሩ ተያቸው። «የሱ እጅ ትልቅ ስለሆነ ነው» የሚል ልጅ ይነሳል፣ ሁሌም ይነሳል። ከዚያ የራስሽን ስንዝር ሰሌዳ ላይ አስምሪ። ቡድኖቹ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ልክ በዚያ ርዝመት ቁራጭ ቆርጠው እንደገና ይለኩ። አሁን ቁጥሩ ይቀራረባል። አሁንም ልዩነት ካለ ያው የአለካክ ነው፣ ወይ በመካከል ክፍተት ትተዋል፣ ወይ አንዱን በሌላው ላይ ደርበዋል። ያንን ራሳቸው ይያዙት።

ቀጥሎ «ሰባት ስንዝርና ትንሽ» ይሉሻል። ትንሽ ስንት ነው? ቁራጩን ለሁለት ያጥፉት፣ ለአራት ያጥፉት። ሴንቲሜትር ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው እዚህ ጋ ነው። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ጊዜ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ገበያ መሄድ እንደሚያዋጣ ንገሪያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ስንዝር፣ ክንድ፣ ቁና፣ ጥማድ ምን ማለት እንደሆነ ቤት ጠይቀው ይምጡ። ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በሬው ደካማ፣ መሬቱ ጭንጫ ከሆነ ታዲያ ጥማዱ ያንሳል ማለት ነው? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ካገኘሽ ትምህርቱ ገብቶታል። ሜትርም የመጣው በዚሁ ጣጣ ነው። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የማንም ንጉሥ ክንድ ያልሆነ መለኪያ ፈልገው ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለ10 ሚሊዮን ከፈሉትና አንዱን ሜትር አሉት።

ባህርዳር_ቲቸር፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። እኔ ዜሮን የማስተምረው በእግር ነው። መሬት ላይ ረጅም መስመር በጠመኔ አሰምርና በእርምጃ ልክ ጭረት አደርጋለሁ፣ ቁጥር ሳልጽፍ። አንዲት ልጅ መነሻው ጭረት ላይ ትቆማለች። «ስንት ተራመድሽ?» «ምንም።» እንግዲያው እዚያ ላይ ዜሮ ይጻፋል። አንድ ስትራመድ 1፣ ሌላ ስትራመድ 2። ልጆች ማስመሪያ ላይ ከ1 የሚጀምሩት ጭረቱን ስለሚቆጥሩ ነው። መቆጠር ያለበት ግን በጭረትና በጭረት መካከል ያለው ቦታ ነው። ይሄን በእግራቸው ካወቁት ማስመሪያው ላይ አይጠፋባቸውም።

እና የተሰበሩትን ማስመሪያዎች እንዳትጥያቸው! ከነሱ የተሻለ ዕቃ የለም። ከ3 የሚጀምር ስባሪ ስጪያቸውና እርሳስ ይለኩበት። የእርሳሱ አንድ ጫፍ 3 ላይ ሆኖ ሌላው 11 ላይ ካረፈ እርሳሱ 8 ሴንቲ ነው። 11 ያለሽ ልጅ ጫፉ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አንብቧል። 9 ያለሽ ልጅ ጭረት ቆጥሯል። በአንዲት ጥያቄ የማን ችግር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ደብተር ሰብስቦ ማረም እንኳ አያስፈልግም።

የ6ኛ_ክፍል_አባት፦
ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 60 ልጅ ይዞ ግቢ መውጣትና መመለስ ብቻ ግማሹን ይበላል። መጽሐፉ መጠናቀቅ አለበት። እኔ ወላጅ ብቻ ሳልሆን ድሮ አስተምሬያለሁ፣ ጫጫታው ከጎን ክፍል አስተማሪ ጋር ያጣላል። ልጄ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፈተና አለበት። ፈተናው ላይ «በስንዝር ለካ» የሚል ጥያቄ አይመጣም። ቀመሩን በደንብ ይያዝ፣ ብዙ ጥያቄ ይስራ፣ መረዳቱ በኋላ ይመጣል ባይ ነኝ።

ሒሳብ_በሜዳ፦
ወንድሜ የ6ኛ ክፍል አባት፣ ያነሳኸው የጊዜ ጉዳይ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። «መረዳቱ በኋላ ይመጣል» የምትለው ላይ ግን አልስማማም። እኔ 7ኛና 8ኛ ነው የማስተምረው፣ በኋላ የሚባለው ማለት ነው፣ አልመጣም። 8ኛ ክፍል ደርሶ አጥር ለማጠር ስንት ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል ሲባል ርዝመትና ወርድ የሚያባዛ ልጅ በየዓመቱ አለኝ። ቀመሩን ጥርት አድርጎ ያውቀዋል። የቱን ቀመር ለየትኛው ነገር እንደሚጠቀምበት ነው የማያውቀው። ፈተና ላይ የሚጥለውም ያ ነው።

እና መምህርት፣ ለዙሪያና ስፋት የሚሆን አንድ ስራ ብቻ ምረጪ ብባል ይሄን እመርጣለሁ። 12 ሜትር ሲባጎ ለየቡድኑ ስጪ፣ በየሜትሩ ቋጠሮ ይኑረው፣ ሁለቱ ጫፍ ይታሰር። «ይሄ የበግ በረት አጥር ነው። ማዕዘኑ ትክክል የሆነ አራት ማዕዘን ስሩ፣ በውስጡ ያለውን መሬት ለኩ» በይ። አራት ልጅ ማዕዘን ይዞ ይቆማል። ስፋቱን ለመለካት አሮጌ ጋዜጣ ወይም ካርቶን አያይዘሽ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ነገር አዘጋጂ፣ እሱን እያገላበጡ ስንቴ እንደሚገባ ይቆጥራሉ። አንዱ ቡድን 5 በ1 ይሰራና 5 ካሬ ሜትር ያገኛል። ሌላው 4 በ2፣ 8 ካሬ። ሌላው 3 በ3፣ 9 ካሬ። ሲባጎው አንድ ነው! እዚህ ላይ ነው ግቢው የሚጮኸው። ብዙዎቹ ሲባጎው እኩል ከሆነ መሬቱም እኩል ነው ብለው እርግጠኛ ሆነው ነው የሚመጡት፣ አዋቂም ቢሆን ብዙው እንደዚያ ያስባል። መሬት ሲገዛ ዙሪያውን በእግር ተራምዶ የሚገምት ሰው ስንት አለ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገልብጪው። ክፍል ውስጥ፣ ዴስክ ላይ፣ ለየቡድኑ 12 እኩል ካሬ ካርቶን ስጪ። አሁን ስፋቱ አይለወጥም፣ ዙሪያው ይለወጣል። በአንድ ረድፍ ከደረደሩት ዙሪያው 26 ይሆናል፣ 2 በ6 ሲሆን 16፣ 3 በ4 ሲሆን 14። ጸጥ ያለ ስራ ነው፣ የጎን ክፍል አይረበሽም።

ብዛታቸውን በተመለከተ ሁሉንም በአንዴ አታውጪ። ግማሹ ግቢ፣ ግማሹ ክፍል ውስጥ ካርቶኑ ላይ። በማግስቱ ይቀያየራሉ። ለያንዳንዱ ልጅ ስራ ስጪው፣ ገመድ ያዥ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ፣ ተቆጣጣሪ። ስራ የሌለው ልጅ ነው የሚረብሽሽ።

መምህርት_4ኛ፦
አመሰግናለሁ፣ በጣም። የሲባጎውን ስራ ሳነበው ልጆቹ ሲሰሩት ታየኝ። አንድ ነገር ግን፣ «ማዕዘኑ ትክክል» የሆነ አራት ማዕዘን ሜዳ ላይ እንዴት ያወጣሉ? በዓይን ካደረጉት ይጣመማል፣ ስፋቱም ልክ አይመጣም። ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያው) ለሜዳ አይሆንም።

ግንበኛው፦
አስተማሪ አይደለሁም፣ ይሄን ጥያቄ ግን እኔ ልመልሰው። የቤት መሰረት ስናወጣ በየቀኑ የምንሰራው ነው። ከማዕዘኑ በአንዱ መስመር 60 ሴንቲ ለክተሽ ምልክት አድርጊ። በሌላው መስመር 80 ሴንቲ። በሁለቱ ምልክት መካከል ያለው ልክ 1 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ካነሰ ጠቧል ክፈቺው፣ ከበለጠ ሰፍቷል ዝጊው። ለትልቅ ቦታ 3 ሜትር፣ 4 ሜትር፣ 5 ሜትር እናደርገዋለን፣ ሲረዝም ስህተቱ ያንሳል። ለልጆች ደግሞ እኩል እኩል የተቋጠረ 12 ክፍል ያለው ሲባጎ ይበቃል። አንዱ ልጅ 3 ክፍል፣ አንዱ 4፣ አንዱ 5 አድርገው ወጠር ሲያደርጉት በ3ቱና በ4ቱ መካከል ያለው ማዕዘን ራሱ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ማለትም ያው የበረቱ ሲባጎ ይሰራልሻል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሰያፉ ነው። አራት ማዕዘኑን ከጨረሳችሁ በኋላ ከጥግ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ። ጎኖቹ ትይዩ ለትይዩ እኩል ሆነው ሰያፎቹም እኩል ከመጡ ስራው ቀጥ ብሏል። ልጆቹ የክፍላቸውን በር፣ መስኮት፣ ሰሌዳ በዚህ ይፈትሹት። የተጣመመ በር ማግኘታቸው አይቀርም፣ ደስ ይላቸዋል።

ቱምቢና ውሃ ልክም ብታሳዪያቸው ጥሩ ነው። ሲባጎ ላይ ድንጋይ ብታስሪ ቱምቢ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን በዚያ ያያሉ። አራት እንጨት በአራት ሚስማር ጥግ ጥጉን ብቻ መትተሽ ስጪያቸው ደግሞ፣ ሲገፉት ይተኛል። አንድ ሰያፍ ሲመቱበት አይነቃነቅም። የጣራ እንጨት ለምን በሶስት ማዕዘን እንደሚሰራ በዚያ ይገባቸዋል፣ ለእኔ ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ማንም አላሳየኝም፣ ስራ ላይ ነው ያየሁት።

መምህርት_4ኛ፦
ወንድሜ ግንበኛው፣ ተባረክ። ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘውም ነበር። ከልጆቹ መካከል አባታቸው በግንባታ ስራ ያሉ አሉ፣ አንዱን ጋብዤ ቢያሳያቸው ብዬ አሰብኩ።

ግንበኛው፦
ጋብዢው። በደስታ ይመጣል። ልጁ ፊት «አባትህ ሒሳብ ያውቃል» ሲባል ትልቅ ነገር ነው።

እናት_ከሜሪላንድ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። እዚህ ገና ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ኢንችንም ሴንቲሜትርንም አብረው ይማራሉ፣ ቤት ስትመጣ ግን እኔ በሜትር ነው የማስበው፣ ስለዚህ ለሁለታችንም ልምምድ ሆነ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ነው። ዕቃ በኢንችም በሴንቲም ትለካና ለምን በኢንች ሲሆን ቁጥሩ እንደሚያንስ ታስረዳኛለች። መለኪያው ትልቅ ሲሆን ቁጥሩ ያንሳል የሚለው ነገር ለልጅ ቀላል አይደለም፣ ደጋግሞ በእጁ መስራት አለበት። ጋሼ ስለ ስንዝር ያሉት በትክክል እሱ ነው፣ ትልቅ እጅ ያለው ልጅ ትንሽ ቁጥር ያገኛል።

ለክብ ደግሞ ምጣዱን ነው የተጠቀምነው። የኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዳር ዳር 60 ሴንቲ ገደማ ነው። ዙሪያውን በክር ለካች፣ ክሩን ሜትር ላይ ዘረጋችው፣ 188 አካባቢ መጣ። ከዚያ የድስት ክዳን፣ የስኒ አፍ፣ ሰፌድ፣ ያገኘችውን ክብ ሁሉ። ክሩን ከዳር እስከ ዳር ስታጥፈው ሁሌ ሶስት ጊዜ ይሄድና ትንሽ ይተርፋል። ስኒም ይሁን ምጣድ! ፓይ (የክብ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳሩ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) የሚለውን ቃል ገና አልነገርኳትም፣ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ያን ጊዜ ታውቀዋለች። ያች «ትንሽ የምትተርፈው» ግን ቀድማ እጇ ውስጥ ገብታለች። ቡና ስናፈላ የመጡት ሴቶች ሁሉ ከክሩ ጋር ስኒያቸውን እየሰጧት ነበር።

የ1ኛ_ክፍል_አስተማሪ፦
ስለ ትንንሾቹ ማንም አላነሳም። እኛ ጋ ካልተሰራ 4ኛ ክፍል ላይ ጠማማ ሆኖ ይመጣል።

አንዱ ትልቅ ችግር የቅርጽ ስም ነው። መጽሐፍ ላይ ካሬ ሁሌ ቀጥ ብሎ፣ ጎነ ሶስት ሁሌ በሰፊው ጎኑ ተቀምጦ ነው የሚሳለው። ካርቶን ካሬ ይዤ ዞር ሳደርገው «አሁን ካሬ አይደለም» ይላሉ። ቀጭንና ረጅም ጎነ ሶስት ደግሞ «እሱ ስለት ነው» ይሉኛል። ሆላንዳውያኑ አስተማሪዎች ባልና ሚስት ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ በጣም ረድቶኛል። ልጅ መጀመሪያ ቅርጹን በጥቅሉ መልኩ ነው የሚያውቀው፣ ቀጥሎ ጎኑንና ማዕዘኑን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ቅርጽ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚዛመድ የሚገባው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረውም ዕድሜው ሳይሆን የሚሰራው ስራ ነው ይላሉ። ስለዚህ ቅርጹን በእጁ ማገላበጥ፣ መቁረጥ፣ ማጠፍ አለበት። ካሬውን እጄ ላይ አዞረዋለሁ፣ «ጎኑ ተለወጠ? ማዕዘኑ ተለወጠ?» እላለሁ። አልተለወጠም። እንግዲያው ካሬ ነው።

ሌላው ጭቃና ስንጥር። ጭቃውን ድብልብል አድርገው ስንጥር ይሰካሉ። ለኩብ 8 የጭቃ ኳስና 12 እኩል ስንጥር ያስፈልጋል። ስንት እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይገምቱና ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይስሩ። መጀመሪያ ካሬውን ይሰራሉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሲያቆሙት ይወላገዳል፣ ግንበኛው ያለውን ሰያፍ አንዳንዶቹ ራሳቸው ያገኙታል። የጥርስ ሳሙና ካርቶን ደግሞ በጎኑ እየከፈቱ ይዘርጉት፣ መልሰው ይግጠሙት። ለትልልቆቹ፣ 6 እኩል ካሬ አያይዞ የሚታጠፍና ኩብ የሚሆን ንድፍ በስንት አይነት ይሰራል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ 11 ነው። ልጆች 11ዱን ለማግኘት ደክመው ደክመው አይሰለቹም።

የነጠላ ጥለትና መሶብም አትርሱ። ጥለቱን መሃል ላይ በመስታወት ቁራጭ ወይም በማጠፍ ሲሜትሪውን ያያሉ። መሶቡ ላይ ያለው ንድፍ ስንት ጊዜ ዞሮ ራሱ ላይ ይመጣል የሚለውን እናቶቻቸው ከነሱ ቀድመው ያውቁታል።

የ6ኛ_ክፍል_አባት፦
ሳነብ ቆየሁ። የሲባጎውን ነገር ከልጄ ጋር ጓሮ ሞከርነው፣ 12 ሜትሩን። «5 ካሬና 9 ካሬ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ሁለቴ ለካ። ክፍል ውስጥ ጊዜ ይወስዳል የሚለው አቋሜ አሁንም አለ። ለወላጅ ግን በቤት የሚሰራ ነው። ለይዘት ምን አላችሁ? ልጄ ሊትርና ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚባሉት ምን እንደሚያገናኛቸው አይገባውም።

ባህርዳር_ቲቸር፦
ካርቶን ቁረጥና 10 በ10 በ10 ሴንቲ የሆነ ክዳን የሌለው ሳጥን ስራ። ውስጡን ፌስታል አልብሰው። አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ገልብጥበት፣ ጢም ብሎ ይሞላል። 10 ሲባዛ 10 ሲባዛ 10፣ 1000 ኪዩቢክ ሴንቲ፣ አንድ ሊትር ነው። ካርቶኑ ትንሽ ስለሚነፋ በእጅ ደገፍ አድርጉት። ከዚያ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ሳጥን ነው? 20። ይሄን ሲያይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ሚዛኑንም ያገናኘዋል፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው።

ትንሽ ሰፋ ለማድረግ 12 የ1 ሜትር እንጨት አስራችሁ 1 ኪዩቢክ ሜትር አቁሙ። እኛ ትምህርት ቤት በሸንበቆ ነው የሰራነው። ከመቁጠራችሁ በፊት ይገምት፣ ስንት ጀሪካን ውሃ ይይዛል? 15፣ 20 ይላሉ። 50 ነው። 1000 ሊትር ማለት ነው፣ የ1000 ሊትር ሮቶ ጎን ብታቆሙት ይታያል። በየቤቱ ሮቶ ያለው ሰው ውሃው ለስንት ቀን ይበቃል የሚለውን ሒሳብ ልጁ ራሱ ይስራው።

ሌላ፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ቀጭን ረጅም ብርጭቆና ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን። ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ በዛ ወይስ አነሰ? የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ዣን ፒያጄ ልጆችን በዚህ ነበር የሚፈትናቸው። የአንተ ልጅ አልፎታል፣ ታናሽ ካለው ግን ሞክሩት።

ሒሳብ_በሜዳ፦
የባንዲራ እንጨቱን ሳንረሳ። ሁሉም ትምህርት ቤት አለው፣ ማንም ግን ወጥቶ አይለካውም። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ (ቱምቢው እዚህ ይጠቅማል)። ለ4ኛ ክፍል ቀላሉ መንገድ የእንጨቱ ጥላ ልክ 1 ሜትር እስኪሆን መጠበቅ ነው። በዚያች ደቂቃ የባንዲራው ጥላ ርዝመት ከባንዲራው ቁመት ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ በትምህርት ወራት ጠዋት ከ3 ሰዓት ከሩብ እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፣ እንደ ወሩ ይለያያል። ለ6ኛና 7ኛ ክፍል መጠበቅ አያስፈልግም። የእንጨቱ ጥላ 60 ሴንቲ፣ የባንዲራው 4 ሜትር ከ20 ከሆነ ቁመቱ 7 ሜትር ነው። ዋናው ነገር ሁለቱ በአንድ ጊዜ መለካታቸው ነው፣ ጥላው ይሄዳልና።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለን። አገራችን ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ቀጥ ብላ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፣ ሌላው ነሐሴ 23 አካባቢ። ነሐሴ ክረምት ነው፣ ትምህርትም የለም፣ ስለዚህ የሚያዝያውን ያዙ። በዚያ ሰሞን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ጎንደር ከዚያ ወደ 10 ቀን ዘግይቶ ነው፣ ሐዋሳ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀድሞ። አውሮፓ ያለ ልጅ ይሄን አገሩ ላይ መቼም አያየውም። ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ በዚያ ሰዓት የጥላውን ርዝመት ይመዝግቡ፣ ሲያጥር ሲያጥር ያያሉ። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስተነስ የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ ግብፅ ውስጥ አንድ ከተማ ላይ ጥላ ሲጠፋ ሌላው ከተማ ላይ ያለውን ጥላ ለክቶ።

አክሱማዊት፦
እኛ ጋ ሐውልቱን ሜዳ ላይ እናስተኛዋለን። በጠመኔ ወይም በአመድ ማለቴ ነው። ኢጣሊያ ወስዳው እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ነው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰምሩና ጭንቅላት በእግር እየተኙ ስንት ልጅ እንደሚሞላው ይቆጥራሉ። በየቀኑ ሐውልቱን እያዩ ያደጉ ልጆች እንኳ ያን ጊዜ ነው መጠኑ የሚታያቸው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ትችላላችሁ። ከዚያ ደብተር ላይ 1 ሜትሩን 1 ሴንቲ አድርገው ይሳሉት፣ 33ቱ ደብተሩ ላይ አይገባም፣ ምን እናድርግ ይላሉ። እስኬል ማለት እዚያ ላይ ይጀመራል።

መምህርት_4ኛ፦
ጀምሬያለሁ። ስንዝሩን ሰርተናል፣ ክርክሩ ጋሼ እንዳሉት ተነሳ። ስባሪ ማስመሪያውን ሰጠኋቸው፣ 11 ያሉት ብዙ ናቸው፣ እነሱን ወደ ጠመኔው መስመር መልሼ አራመድኳቸው። ሲባጎው ላይ አንዱ ቡድን 5 ካሬ ሲያገኝ «ሲባጎአችን አጭር ነው፣ ይቀየርልን» ብለው መጡ። 9 ካሬ ካገኘው ቡድን ጋር ሲባጎ ተለዋወጡና እንደገና ሰሩት፣ ያው 5 መጣ። ከዚያ በኋላ ያስረዳሁት ነገር የለም፣ ራሳቸው ናቸው ለሌላው ክፍል ያስረዱት።

አሁን ዘዌ (የማዕዘን ልኬት) ላይ ነን። ፕሮትራክተር ያላቸው ጥቂት ልጆች ናቸው። ከማስገባቴ በፊት ምን ላስቀድም?

የድሮ_መምህር፦
ወረቀት እጠፊ። የትኛውም የተቀደደ ወረቀት፣ ዳሩ የተንሻፈፈ ቢሆን ይሻላል። አንዴ አጥፈው፣ ከዚያ የታጠፈው መስመር በራሱ ላይ እንዲያርፍ ድጋሚ አጥፈው። ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ያንን ይዘው ክፍሉን ይዙሩ፣ የትኛው ጥግ ልክ ነው፣ የትኛው ይጠብባል፣ የትኛው ይሰፋል። አንዴ ደግሞ ሲያጥፉት 45 ይሆናል። ፕሮትራክተሩ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፣ ልጆች 60ውን 120 ብለው የሚያነቡት ስለዚህ ነው። ወረቀቱን አስቀድመው ከያዙ «ይሄ ከ90 ያንሳል» ስለሚሉ የቱን ረድፍ እንደሚያነቡ ያውቃሉ።

ጎነ ሶስት ቆርጠው ሶስቱን ጥግ ቀደው አንድ ላይ ይግጠሙት። ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ የሁሉም ልጅ፣ ጎነ ሶስታቸው ምንም ይምሰል። ሰዓትም ተጠቀሚ። ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 30 ዲግሪ ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ 9 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ ነው፣ 90 ዲግሪ።

የ1ኛ_ክፍል_አስተማሪ፦
አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም። ማየት የማትችል ተማሪ አለችኝ። እነዚህን ስራዎች እሷ ጋ እንዴት ላድርስ?

ባህርዳር_ቲቸር፦
እህቴ፣ ሲባጎውና ጭቃው ለእሷ የተሰሩ ናቸው። በየ10 ሴንቲ ትንሽ ቋጠሮ፣ በየሜትሩ ትልቅ ቋጠሮ አድርጊላት፣ በጣቷ እየቆጠረች ትለካለች። ካርቶን ማስመሪያ ላይ በየሴንቲው ጠርዙን በምላጭ ሰንጠቅ አድርጊው። ቅርጹን ደግሞ ካርቶን ላይ ሲባጎ በኮላ አጣብቂላት፣ ጎኑንና ጥጉን ትዳስሰዋለች። በቡድን ሲሰሩ መዝጋቢ ብቻ አታድርጓት፣ ለኪ ትሁን።

ግንበኛው፦
ስለ ሲባጎው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ናይለኑ ሲወጠር ይለጠጣል። 12 ሜትር ላይ ጥቂት ሴንቲ ይሰጣል፣ ቋጠሮ ስትቋጥሩ ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቋጥሩ፣ ከዚያ በሁለት ሰው ወጠር አድርጋችሁ በሜትር ለክታችሁ ቋጠሮውን ወደ ቦታው ሳቡት፣ ከዚያ አጥብቁት። ከጥጥ የተሰራ ከሆነ ዝናብ ሲመታው ስለሚለወጥ እንዳይረጥብ። አዲስ ሲባጎ ከገዛችሁ አንድ ቀን ወጥራችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ቋጥሩት።